ከዳማ ጋር አደን የወጣን ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ አትላንታ አጠገብ ወዳለው ዶራቪል ገበያ ሄጄ መኪናዬን ፓርክ ሳደርግ፣ አጠገቤ ከቆመ ፒክአፕ ላይ አንድ ውሻ ጮኸ። ጆሮዎቹ ቀጥ ያሉ፣ ጅራቱ ጀርባው ላይ የተጠቀለለ ነው። ባለቤቱን ምን ዝርያ እንደሆነ ብጠይቀው "ላይካ ይባላል፣ ከሳይቤሪያ ነው" አለኝ። አውቀዋለሁ አላልኩትም። ወደ ሱቁ ሳልገባ ቆሜ ብዙ አየሁት።

አጎቴ ጋሼ መኩሪያ እንደዚያ ያለች ውሻ ነበረቻቸው። ስሟ ዳማ ነው። ጋሼ ሎረንስቪል እየኖሩ ኮሌጅ ፓርክ የሆቴል እንግዶች ማመላለሻ መኪና ይነዱ ነበር። አንድ አሜሪካዊ የሥራ ባልደረባቸው ቡችላ ሳለች ሰጣቸው፤ አደኑንም በዚያው አስተማራቸው።

"ሌላው ውሻ ያለው አንድ ሙያ ነው" ይሉ ነበር። "ዳማ ግን ስኩዊረል ዛፍ ላይ ታስወጣለች፣ ዳክዬ ከውሃ ታመጣለች፣ የዱር አሳማ መሄጃ አሳጥታ ታቆማለች።"

ስኩዊረል ዛፍ ላይ የሚኖር፣ ጅራቱ ጎፈር ያለ ትንሽ አውሬ ነው፤ ለሥጋው ይታደናል። አሳማውን ግን እኛ አንበላም። እርሻው በአሳማ እየተቆፈረ ለተቸገረው፣ ጋሼ ለሚያድኑበት መሬት ባለቤት ነበር የሚተውለት።

በፈረንጆቹ 2012፣ ፌብሩዋሪ ማለቂያ ላይ፣ እኔም ካልሄድኩ ብዬ አስቸገርኩ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ተኩስ ተምሬ ፈቃዴን አውጥቻለሁ፤ ዒላማ ስለማልስት ብቻ ራሴን ከአዳኝ ቆጥሬዋለሁ። ከአትላንታ ወደ ደቡብ ሁለት ሰዓት ያህል ነዳን። መንገድ ዳር ትኩስ የተቀቀለ ኦቾሎኒ ገዛን፤ ልጣጩ ሲከፈት ጨዋማ ውሃው ጣት ላይ ይፈሳል። ጋሼ በአንድ እጃቸው መሪውን ይዘው ትምህርት ሰጡኝ።

"ድምጿን ስሚ። ስኩዊረል ከሆነ ቀና ብላ ረጋ እያለች ነው የምትጮኸው። አሳማ ከሆነ ትንፋሽም አትወስድ። ያኔ እኔ ሳልነግርሽ እንዳትተኩሺ።"

"እሺ ጋሼ።"

"ምን አልኩሽ?"

"እርስዎ ሳይነግሩኝ አልተኩስም።"

በጥዶቹ መካከል በቀዩ ጭቃ ላይ ስንሄድ አረፈድን። ዳማ ሁለት ስኩዊረል ዛፍ ላይ አስወጣች፤ አንዱን የመታሁት እኔ ነኝ። ልቤ አበጠ። ቁጭ ብለን በሶ በጥብጠን ጠጣን። ገና ከመነሳታችን ከቁጥቋጦው ውስጥ የዳማ ድምፅ ተለወጠ፤ ያለማቋረጥ፣ በላይ በላዩ ትጮኽ ጀመር። ጋሼ በእጃቸው "እዚሁ ቁሚ" የሚል ምልክት ሰጥተውኝ በግራ በኩል ዞሩ። ብቻዬን ቀረሁ። ቅጠሉ ተንቀሳቀሰ። አንድ ጥቁር ነገር ሽው አለ። ተኮስኩ።

ቀጥሎ የሰማሁት የአሳማ ድምፅ አልነበረም።

አሳማው አምልጧል። ዳማ የኋላ እግሯ ደም በደም ሆኖ ወድቃለች። ጋሼ ከቆሙበት ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ያለው ጥድ ቅርፊቱ በጥይቴ ፍንጣሪዎች ተቦዳድሷል። አልጮኹብኝም። ጠመንጃዬን ተቀብለው የቀረውን ጥይት አወጡና መልሰው ሰጡኝ። ዳማን በጃኬታቸው ጠቅልለው ተሸከሟት።

አንዲት የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ስንደርስ የመሬቱ ባለቤትም ወሬውን ሰምቶ ተከትሎን መጣ።

"ማነው የተኮሰው?" አለች ሐኪሟ።

"እኔ" አሉ ጋሼ።

እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ዳማ ተረፈች፤ እግሯ ግን ተቆረጠ። የመሬቱ ባለቤት ጋሼን "ዓይንህ ደክሟል። ከእንግዲህ መሬቴ ላይ መሣሪያ ይዘህ እንዳትመጣ" አላቸው። "ልክ ነህ" ብለውት ወጡ። መኪና ውስጥ ለምን እንደዚያ እንዳሉ ስጠይቃቸው "አንቺ ገና ነሽ" አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ጋሼ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት መዋል ጀመሩ። ዘመድ በተሰበሰበበት "የራሱን ውሻ የመታ አዳኝ" እየተባለ ሲሳቅባቸው አብረው ይስቃሉ። እኔ ሳህን አነሳሳለሁ። አራት ሳምንት እንዲህ ሄደ። በአምስተኛው ቅዳሜ ለማንም ሳልናገር ብቻዬን ነዳሁ። ሽማግሌው የመሬቱ ባለቤት ግቢው ውስጥ ትራክተሩን እያጠበ ነበር።

"የዚያን ቀን የተኮስኩት እኔ ነኝ" አልኩት። "አጎቴ እኔን ለመሸፈን ብለው ነው።"

ውሃውን ዘጋና እጁን በሱሪው ጠረገ።

"ንገሪው፣ ይምጣ" አለ። "አንቺን ግን ጠመንጃ ይዘሽ እንዳላይሽ።"

ጋሼ ሲሰሙ ተቆጡ። "ማን ላከሽ?"

"ማንም።"

"እንግዲያው የስኩዊረል አደን ወቅት ሲከፈት ትመጫለሽ። ዳማን ከመኪና የሚያወርድልኝ ሰው ያስፈልገኛል።"

አወረድኳት። በሦስት እግሯም ስኩዊረል ዛፍ ላይ አስወጣች፤ ወደ አሳማ ግን ዳግመኛ አልሰደድናትም።

ዛሬ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የነርሶች ኃላፊ ነኝ። ስህተት ሲፈጠር ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ማን እንደሆነ ብዙ ጊዜ ቶሎ ይገባኛል፤ ቢሆንም ወዲያው ስም አልጠራም። በሽተኛው ደህና መሆኑን አረጋግጬ ቢሮዬ እገባና በሩን ገርበብ አድርጌ እቀመጣለሁ። አንዳንዱ በዚያው ቀን ይመጣል፣ አንዳንዱ ይዘገያል። በሚዘገየው ለመፍረድ አልቸኩልም፤ እኔም አንድ ወር ፈጅቶብኛል።