ዶን አኒሴቶ ከሌላ ቤት ምርቃት ጠየቀ

በሊማ ከተማ፣ በሱርኪዮ ገበያ የጁስ መፍጫ ማሽን የሚጠግነው ዶን አኒሴቶ ፓይቫ ለምን ሚስት እንዳላገባ ገበያተኛውን ብትጠይቁ መልሱ አንድ ነው፤ በሁሉም ላይ እንከን አግኝቶ። አንዷ ሳቋ በዛ። አንዷ ሾርባ ስትጠጣ ድምፅ ታሰማለች። ሌላዋ ደግሞ ምንም እንከን አልተገኘባትም፤ ይሄው ራሱ አስጠረጠረውና ተዋት። እንዲህ እንዲህ እያለ ፀጉሩ ሸበተ።

ሳምንቱን ሙሉ በቅባት ተለውሶ ማሽን ሲፈታ ሲገጥም ይውላል። እሑድ ሲደርስ ግን ተላጭቶ፣ ግራጫ ሱፉን ለብሶ፣ ጠረጴዛቸው ነጭ ጨርቅ ከለበሰ ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ብቻውን ይሄዳል። ለመብላት እንዳይመስላችሁ። ለመፍረድ ነው።

ፍርዱ የሚሰማው ሰኞ ምሳ ሰዓት፣ ዶኛ ኤውላሊያ ባንኮኒ ላይ ነው። ዶኛ ኤውላሊያ እዚያው ገበያ መሃል ምሳ ትሸጣለች፤ ጥግ ላይ ያለችው በርጩማ የሱ መሆኗን የማያውቅ የለም፤ እንግዳ ሰው ሲቀመጥባት በጭልፋ ታስነሳዋለች።

«ትናንት ባራንኮ ሰፈር ሄጄ ነበር» ይጀምራል ሾርባውን እያማሰለ። «አስተናጋጁ ሳልጠይቀው ውሃ ቀዳልኝ፤ እሱን አልክድም። ዓሣው ግን! ዓሣው ባሕሩን ከረሳ ሰንብቷል።»

«እነሱን ተዋቸውና የኔን ብላ» ትለዋለች።

«አንቺም ብትሆኚ፣ ደንበኛዬ፣ ሳህን እንዲህ ይወረወራል? አውራ ጣትሽስ ሾርባዬ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«ሾርባው መሞቁን እያየልህ ነዋ። አርፈህ ብላ!»

በልቶ ሲጨርስ ሳህኑን ገፋ ያደርግና «ምርቃቴስ?» ይላል። እሷም «ምርቃት ለሐሜተኛ!» እያለች የሩዙን ድስት ሥር በማንኪያ ትፍቃለች፤ ያ የተጠበሰው፣ ጥርስ ሥር የሚንኮሻኮሸው ሩዝ ሳህኑ ላይ ያርፋል። በየቀኑ እንዲሁ ነው። ሊማ ውስጥ ምርቃት የትም አለ፤ ሽንኩርት ስትገዛ አንዲት ራስ፣ ጁስ ስትጠጣ ማሽኑ ውስጥ የቀረችው ትሰጥሃለች። የሚጠየቀው ግን የራስ ደንበኛ ብቻ ነው። ከሌላ ሻጭ ምርቃት የጠየቀ ሰው «ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ነኝ» እንዳለ ይቆጠራል።

ታዲያ አንድ ቀን ከዶኛ ኤውላሊያ ፊት ለፊት ጃንካርሎ የሚባል ወጣት ቤት ከፈተ። ነጭ ኮት፣ ጥቁር ሽርጥ፣ ምግብ ማብሰል ትምህርት ቤት ገብቶ የተማረ። የሚሠራው ሴቪቼ ብቻ ነው፤ ጥሬ ዓሣ በሎሚና በቃሪያ፣ ቀዝቅዞ የሚበላ። ዶን አኒሴቶ ጥቂት ቀን ታገሠ። አንጀቱ ግን አላስችል አለው። «እኔ እኮ ዳኛ ነኝ» አለ ለራሱ። «ዳኛ የት በላህ ተብሎ አይጠየቅም።» አይ ዶን አኒሴቶ! ባንኮኒዋ በሰው የተጨናነቀበትን ሰዓት ጠብቆ፣ ጀርባውን ለሷ ሰጥቶ እዚያ ተቀመጠ።

ሴቪቼው መጣ። አንድ ጎረሰና ዓይኑን ጨፈነ። ምን ዋጋ አለው፣ ይጣፍጣል! ዓሣው ገና ከባሕር የወጣ ነው፣ ቃሪያው ልኩን ያውቃል፣ ስኳር ድንቹ አልፈረሰም፣ ከጎኑ ያለው የበቆሎ ቆሎ እንኳ ገና መሞቁ ነው። እንከን ፈለገ፣ ፈለገ፣ አጣ። እየበላ በሄደ ቁጥር የት እንዳለ ረሳ። ሳህኑን ጠርጎ ሲያበቃ አፉ በለመደው፣ ያውም በዚያ ጎርናና ድምፁ፣ «ደንበኛዬ፣ ምርቃቴስ?» አለ።

አጠገቡ ዓሣ የሚሸጠው ዊልፍሬዶ ቢላውን እንዳነሳ ቀረ።

«እኛ ቤት ምርቃት የለም ጌታዬ» አለ ጃንካርሎ በትህትና። «መጠኑ የተለካ ነው።»

ዶን አኒሴቶ ዞር ቢል ዶኛ ኤውላሊያ ጭልፋዋን ይዛ ቆማለች። አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ያስፈራው ይሄ ነው፤ ይህች ሴት ምድጃ እንቢ ሲላት ምድጃውን የምትሳደብ ሴት ናት።

በኋላ ለዊልፍሬዶ ስትነግረው ግን ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። «መብላቱን እተውለት ነበር። ሰው ነው፣ ያምረዋል። ምርቃት ጠየቀ እኮ! እኔ እዚህ ቆሜ እያየሁት፣ ምርቃት!»

በማግስቱ ዶን አኒሴቶ ስድቡን ሊቀበል ጎንበስ ብሎ መጣ። ስድብ የለም። ዶኛ ኤውላሊያ ባንኮኒውን በንጹህ ጨርቅ ወልውላ፣ ሶፍት አጥፋ አስቀምጣ ቆማለች።

«እንደምን ዋሉ ጌታዬ። ምን ልታዘዝ?»

«ኧረ ደንበኛዬ…»

«ዛሬ የዶሮ ሾርባና የበሬ ወጥ ከሩዝ ጋር አለን። የሚጠጣ ከሐምራዊ በቆሎ የተፈላ ቺቻ። ይምረጡ።»

ሾርባው ከቀኝ በኩል፣ ቀስ ብሎ፣ ጠብ ሳይል ቀረበ። አውራ ጣት የለበትም። ሲጨርስ ሳህኑ ያለ ኮሽታ ተነሳ። «ሁሉም ተስማምቶዎታል?» ተባለ። ስንት ዘመን ሙሉ «መስተንግዶ እንዲህ ነው!» እያለ ሲያስተምራት የኖረው በሙሉ፣ አንድም ሳይጎድል ተፈጸመለት። ምርቃቱን ሊጠይቅ አፉን ከፈተ፤ ፊቷን አየና ዘጋው። ያ የተጠበሰ ሩዝ ዓይኑ እያየ ለዊልፍሬዶ ሄደ። ዊልፍሬዶ ደግሞ ሆን ብሎ እያንኮሻኮሸ በላው።

«ምነው ዶን አኒሴቶ» አለ አፉን እንደሞላ፣ «እንዲህ ዓይነት መስተንግዶ አይደል ሲያምርህ የኖረው? በስተርጅና ንጉሥ ሆንክ እኮ!»

ዶን አኒሴቶ ሊያስቆጣት ያልሞከረው የለም። አንድ ቀን «ሾርባው ጨው በዝቶበታል» አለ። ድሮ ቢሆን ጨው ዕቃውን ይዛ ትመጣና እላዩ ላይ ትነሰንስበት ነበር። «ይቅርታ ጌታዬ፣ አሁኑኑ ይቀየራል» አለችው። ቀየረችለትም። ሌላ ቀን ጉርሻ ትቶ ሄደ፤ ይቺ እንኳን ታናድዳታለች ብሎ። «እግዜር ይስጥልን» ብላ ኪሷ ከተተች። ሰውየው ምግብ አልወርድለት አለ። እሑድ ደርሶ ሱፉን ለበሰ፣ ምግብ ቤት ሄዶ በላ፣ ፈረደም፤ ግን ሰኞ ፍርዱን ማን ይስማው? «ባራንኮ ሄጄ ነበር» ቢላት «እሰየው ጌታዬ» ብላው ወደ ድስቷ ዞረች።

ነገሩ የሩዝ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዶን አኒሴቶ ዘመድ የለውም። በዚያ ሕዝብ በፈላበት ከተማ ሁለት ቀን ቢጠፋ «የት ገብተህ ነው? ሞትክ ወይ?» ብሎ የሚጮህበት አንድ ሰው ነበረ፤ እሷም ጌታዬ ትለው ጀመር።

በዚህ መሃል የገበያው ልደት ደረሰ። በየዓመቱ ኮሚቴው ምግብ ሻጮችን ያወዳድራል፤ ዘንድሮ ውድድሩ ዶኛ ኤውላሊያም አልፎ አልፎ በምትሠራው በሴቪቼ ሆነ፤ ዳኛውም ያለ ክርክር ዶን አኒሴቶ። ለመጨረሻው የቀሩት ሁለት ሳህኖች የጃንካርሎና የዶኛ ኤውላሊያ መሆናቸው ሲሰማ ገበያው በሳቅ አወካ።

«በል እንግዲህ፣ እግዜር በር ከፈተልህ» አለው ዊልፍሬዶ በጆሮው። «የሷ ይበልጣል በልና በርጩማህ ላይ ተቀመጥ። ደንበኛህ አይደለች? ለደንበኛው የማይዋሽ ማን አለ?»

ዶን አኒሴቶም ልቡ ወደዚያው ነበር። ግን ዶኛ ኤውላሊያ ሳህኗን ስታስቀምጥለት ዝቅ አለችና «ጌታዬ፣ ለኔ ብለው እንዳይዋሹ። ምጽዋት አልፈልግም» አለችው።

ቀመሰ። ያኛውን ቀመሰ። ይሄኛውን ደገመ። የጠፋ ቦርሳና የረከሰ ድንች የሚነገርበትን ድምፅ ማጉያ አምጥተው አፉ ላይ ደቀኑበት።

«የጃንካርሎ ይበልጣል» አለ። ድምፁ እስከ ሥጋ ተራ ተሰማ። «ዶኛ ኤውላሊያ ሎሚ እንዳይባክን ብላ እስከ ቅርፊቱ ትጨምቀዋለች። ስለዚህ ይመርራል። ሁሌም ይመርር ነበር።»

ሕዝቡ «ዉይ!» አለ። «ሁሌም» የምትለዋን ባይጨምራት ምን ነበረበት! እሱ ራሱ እንዴት ከአፉ እንዳመለጠችው አያውቅም። ድምፅ ማጉያውን አስረክቦ በሰው መሃል ሾልኮ ወጣ።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ወደ ባንኮኒው ለመሄድ ድፍረት አጣ። ሱቁ ውስጥ በተፈታታ ማሽን መሃል ቁጭ ብሎ ደረቅ ዳቦ ያኝካል። አለቀ፣ በቃ አለቀ ይላል በልቡ። ከመተላለፊያው ጫፍ ጩኸት ሲመጣ መጀመሪያ ሌባ የተያዘ መስሎት ነበር።

«የታለ? የታለ ይሄ ምላሰ ረጅም!» ዶኛ ኤውላሊያ ሽርጧን እንደታጠቀች፣ ሰውን በክርኗ እየገፋች መጣች። «አንተ! ሁሌም? ሁሌም ነው ያልከው? ይሄን ሁሉ ዘመን እየመረረህ ነው ስትውጥ የኖርከው? አንድ ቀን ቀስ ብለህ በጆሮዬ ብትነግረኝ ምላስህ ይቆረጥ ነበር? የግድ ሥጋ ተራ መስማት ነበረበት?»

ዶን አኒሴቶ ዳቦውን አስቀመጠ። አንተ አለችው! ደስታው ፊቱ ላይ እንዳይታይበት አንገቱን ደፋ።

«አትዋሽ አልሽኝ» አለ።

«እሱማ ሰው ለወጉ የሚለው ነው! ማንም ሞኝ ያውቀዋል! እንኳን አንተ፣ ነጭ ጨርቅ ያነጠፈውን ባለ ምግብ ቤት ሁሉ የምታንቀጠቅጠው!»

ዶን አኒሴቶም ለማንም ተናግሮት የማያውቀውን ነገር ተናገረ።

«ማንንም አንቀጥቅጬ አላውቅም። አስተናጋጁ መጥቶ 'እንዴት ነበር ጌታዬ?' ሲለኝ ምን እንደምለው ታውቂያለሽ? 'ግሩም ነበር' ነው የምለው። ዓሣው ሸትቶም 'ግሩም ነበር' ብያለሁ። አፍራለሁ፤ ምን ላድርግ? ፊት ለፊት እውነቱን የነገርኩት ሰው በዚህ ዓለም ላይ ቢኖር አንቺ ብቻ ነሽ።»

ዶኛ ኤውላሊያ አፏን ከፍታ አየችው። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ የምታለቅስ መስሎ ነበር፤ ወዲያው ግን ሳቋን ለቀቀችው። የሱቁን ጠረጴዛ ተደግፋ፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ሰዎች ስሙልኝማ! ዳኛችን አስተናጋጅ ይፈራል! ዊልፍሬዶ፣ ና ስማ! ግሩም ነበር ይላል አሉ!»

«ቀስ በይ እንጂ…»

«ምን ቀስ አለ፤ አንተ በድምፅ ማጉያ አይደል ያዋረድከኝ? ተነስ፤ ሾርባህ ቀዘቀዘ። እሑድ ደግሞ አብሬህ እሄዳለሁ። እንዴት እንደሚነገራቸው አሳይሃለሁ።»

እሑድ ደረሰ። ዶኛ ኤውላሊያ ባንኮኒዋን ዘግታ፣ ለሠርግ የምታደርገውን ጫማ አድርጋ፣ ጸጉሯን ተሠርታ መጣች። በባሕሩ ዳር ካሉት ቤቶች አንዱ ገቡ። ሴቪቼው ሞቅ ብሎ ቀረበ፤ ሴቪቼ ሞቆ! ሩዙ ተጣብቋል። ኬኩ ስኳር ብቻ ነው። ዶኛ ኤውላሊያ እያንዳንዷን በጣቷ እየቆጠረች «ቆይ፣ ይምጣ ብቻ» ትላለች።

አስተናጋጁ መጣ። ቀጭን ልጅ ነው፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ጎንበስ አለ። «እንዴት ነበር እመቤቴ?»

ዶኛ ኤውላሊያ አፏን ከፈተች። ልጁን አየችው፤ ነጩን ጨርቅ አየችው፤ ጎን ጎን ያሉትን ሰዎች አየቻቸው።

«ግሩም ነበር ልጄ» አለች። «እጃችሁ ይባረክ።»

ዶን አኒሴቶ በሶፍት አፉን ሸፈነ። እስኪወጡ ድረስ አልተያዩም። አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጥቂት ከሄዱ በኋላ ነው ደፈር ብሎ «ቆይ፣ ይምጣ ብቻ ያለው ማን ነበር?» ያላት።

«ዝም በል። ልጁ አሳዘነኝ።» ወደሱ ዞረች። «ግን ያ ሴቪቼ ነው ይባላል?»

«ሴቪቼውንስ ተይው፤ ሩዙን አየሽው?»

«ሩዝ ነው እንዴ እሱ? እኔ የግድግዳ ማጣበቂያ መስሎኝ!»

ሳቁ። ከፊት የተቀመጠው ሰው ዞሮ አያቸው። ዓሣውን አነሱ፣ ጣሉ፤ አስተናጋጁን አመሰገኑ፣ ባለቤቱን ረገሙ፤ መውረጃቸው አልፏቸው ሄደ። በእግራቸው እየተመለሱም ሐሜቱ ገና ኬኩ ላይ አልደረሰም።