የፈንታነሽ ቀን

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ደብረ ታቦር ታሪክ ሳስተምር አንድ የምኮራበት ሥራ ነበረኝ። ጧት ጧት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ በድምፅ ማጉያ «ዛሬ በታሪክ» የሚል ወረቀት አነብ ነበር። በዚህ ቀን የትኛው ንጉሥ ተወለደ፣ የትኛው ጦርነት ተጀመረ፣ ማን ጨረቃን ረገጠ። ተማሪዎቹ በብርድ እየተንቀጠቀጡ ይቆማሉ፤ እነሱ ባይሰሙኝ እንኳ እኔ ራሴን እሰማ ነበር።

ከልባቸው የሚሰሙኝ እትዬ ፈንታነሽ ብቻ ነበሩ። ግቢውን የሚጠርጉት፣ ደወል የሚደውሉትም እሳቸው ናቸው። ደወል ስል ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ማለቴ ነው። አንድ ጧት መጥረጊያቸውን እንደያዙ መጡ።

«መምህር፣ የኔንስ ቀን መቼ ነው የሚያነቡልኝ?»

«መቼ ተወለዱ?»

«በዘመነ ማርቆስ፣ ሐምሌ አምስት። የሐዋርያት ጾም መፍቻው ረቡዕ ውሎ፣ አገሩ ሥጋ እያማረው በሽሮ የዋለ ዕለት። እናቴ እየሳቀች ነበር የምትነግረኝ።»

«ዓመተ ምሕረቱስ?»

«እሱንማ አንቱ የተማሩት ያውጡልኝ።»

«ሐምሌ እኮ ትምህርት ቤት ዝግ ነው።»

«እኔ አለሁ አይደል?»

«ደግሞስ የሚነበበው አንድ ነገር የሠራ ሰው ነው። እርስዎ ምን ሠሩ?»

«ተወለድሁ እኮ!»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

«ስሜ እንደሁ በሞተች እህቴ ፈንታ የወጣ ነው» አሉ። «ቀኑ እንኳ የራሴ ይሁን ብዬ ነው።»

«እሺ፣ አወጣልዎታለሁ» አልኋቸው። አፌ መቼ ሰንፎ ያውቃል! ለማላውቀው የባዕድ አገር ንጉሥ ልደት ሦስት መጽሐፍ የምገለብጥ ሰው፣ ለእሳቸው አንድ ወረቀት አላነሣሁም። ማርቆስና ረቡዕ ለእኔ የደብተራ ወሬ እንጂ ታሪክ አልነበረም። በየዓመቱ ሰኔ ሲያልቅ «መምህር፣ ሐምሌ መጣ» ይሉኛል፤ እኔም «ለከርሞ» እላለሁ። አራት ክረምት እንዲህ አለፈ። በአምስተኛው ዓመት፣ ጥር ላይ፣ ታመው ሞቱ።

በአርባቸው ድግስ ከጎረቤቴ ከመሪጌታ አዳነ አጠገብ ተቀመጥሁ። ለጨዋታ ያህል የልደታቸውን ነገር አነሣሁላቸው። መሪጌታ እንጀራቸውን እያኘኩ በግራ እጃቸው ጣት ቆጠሩ።

«አርባ ሁለት ነው» አሉ። «ዘመነ ማርቆስ ሆኖ ሐምሌ አምስት ረቡዕ የሚውለው በሃያ ስምንት ዓመት አንዴ ነው። ቀጥሎ ያለው ሰባ ነው፤ በሰባማ ልጅ አዝላ ነበር።»

ጉርሻውን ገና አልዋጡትም። እኔ በመሪጌታ ደጅ በየቀኑ አልፋለሁ፤ «እንደምን አደሩ» ብዬም አልፋለሁ። አንድ ቀን ቆሜ ብጠይቅ ኖሮ! ተነሥቼ ወጣሁ።

በዚያ ዓመት ሐምሌ አምስት ቀን በዝናብ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድሁ። መብራት ስላልነበረ ድምፅ ማጉያው አይሠራም። ቸርኬውን ደወልሁና በባዶው ግቢ ውስጥ ጮኼ አነበብሁ።

«ዛሬ በታሪክ፤ ሐምሌ አምስት ቀን አሥራ ዘጠኝ መቶ አርባ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በዕለተ ረቡዕ፣ ወይዘሮ ፈንታነሽ ተወለዱ።»

አዲሱ ዘበኛ ሞላ ኬሻ ራሱ ላይ ደፍቶ ከማደሪያው ብቅ አለ።

«ምን የሠሩ ሰው ናቸው፣ መምህር?»

«ተወለዱ» አልሁት።

ሳቀ። አልተቆጣሁትም፤ እኔም ያን ጊዜ እንዲሁ ነበር የሳቅሁት።