መሪው ላይ የተጻፈው

ጥሩሰው ጠረጴዛ ኖሮት አያውቅም። የሚጽፈው በከባድ መኪናው ጋቢና ውስጥ፣ መሪው ላይ ነበር። ከሻይ ሣጥን የተቆረጠች ጣውላ በጎማ ካላማዳሪያ ቁራጭ መሪው ላይ ያስራል። የግራ እግሩን ጫማ አውልቆ ፍሪሲዮኑ ፔዳል ሥር ይተዋል። ባለፈው የጻፈውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ እስክሪብቶ የሚያነሳው ከዚያ በኋላ ነው። መኪናው ካልተጫነ ደግሞ ጨርሶ አይጽፍም። «ባዶ መኪና ውስጥ ሐሳቡም ባዶ ነው» ይል ነበር።

አንድ ቀን የታወቁ ደራስያን እንዴት እንደሚሠሩ በሬዲዮ የሰማሁትን ነገርኩት። አንዱ ቆሞ ይጽፋል፤ አንዱ ባሕር የሚያይ ክፍል አለው፤ አንዱ ሰው ከመንቃቱ በፊት ጽፎ ይጨርሳል።

«ሁሉም የሚቆለፍ በር አላቸው ማለት ነው» አለኝ። «እኔም አለኝ። ያውም ሁለት።»

እኔ ያኔ ጅቡቲ ከተማ፣ ምኒልክ አደባባይ አጠገብ በአንድ የዕቃ አስተላላፊ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ጠረጴዛም፣ ወንበርም፣ ቬንትሌተርም ነበረኝ። የጻፍኩትን ግን ለማንም አሳይቼ አላውቅም።

ጥሩሰው የሚጽፈውን ታሪክ ከሚሌ እስከ ጅቡቲ የማያውቅ ሹፌር አልነበረም። አሥራ አንድ ዓመት ጽፎታል፤ ተራ ሲጠብቁም ምዕራፍ በምዕራፍ አንብቦላቸዋል። ባለታሪኩ ተክለወልድ የሚባል ሹፌር ነው። በመጨረሻው ምዕራፍ ተክለወልድ ቁልቁለት ላይ ሳለ ፍሬን ይከዳዋል። ጥሩሰው እዚያ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰውየውን ቁልቁለቱ ላይ ተወው። ሹፌሮቹ ባገኙት ቁጥር «ጋሼ፣ ሰውየው ቆመ?» ይሉታል። እሱ «ገና ነው» ይላል።

በ2001 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን፣ ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ አየሁት። ሸሚዙ በላብ ሰውነቱ ላይ ተጣብቋል። የግራ ዓይኑ ከጠፋ ቆይቶ ነበር፤ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ሄዶ፣ ቀኙም እየሄደ መሆኑን፣ ከእንግዲህ መንዳት እንደሌለበት ተነግሮታል። ባለንብረቱ ይህን አስቀድሞ ጠርጥሮ ኖሮ፣ እሱ ሐኪም ቤት ተቀምጦ ሳለ መኪናውን ለሌላ ሹፌር ሰጥቶታል።

«መኪናው የራሱ ነው፤ አልቀየመውም» አለኝ። «ወረቀቶቼ ግን ሰነድ ቦርሳው ውስጥ ናቸው።»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ሹፌር ሚስቱን ይረሳል እንጂ የጭነት ሰነዱን አይረሳም። ጥሩሰውም ጽሑፉ እንዳይጠፋበት የሚያስቀምጠው እዚያው፣ ከጭነቱ ወረቀት ጋር ነበር። ሰነድ ደግሞ ከሹፌሩ ጋር አይወርድም፤ ከጭነቱ ጋር ይሄዳል። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀለት ልማድ በአንድ ጠዋት ጽሑፉን ይዞበት ሄደ።

«ግልባጭ የለህም?»

«ምን ግልባጭ አለኝ!»

ታክሲ ይዘን፣ የጭነት መኪና ሁሉ ከከተማው ሲወጣ ወደሚያልፍበት ኬላ፣ ወደ ፔካ 12 ሄድን። ከተማው ጫቱን ይዞ ጥላ ውስጥ ገብቷል፤ መንገድ ላይ ከእኛና ከሞቃቱ ነፋስ በቀር ማንም የለም። ጥሩሰው በመስኮት እያየ የምናልፈውን መኪና ሁሉ «እሱ ነው?» ይለኛል። አንዱም አልነበረም።

ፔካ 12 ስንደርስ ስልሳ የሚሆኑ ተሳቢዎች ተሰልፈዋል፤ ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም አቧራ ለብሰዋል። እሱ ታርጋ ከሩቅ ማንበብ አልቻለም። እኔ ሰው መጠየቅ አፈርኩ፤ እየሮጥኩ አንድ በአንድ አነበብኩ። ከፊት ሲቆጠር ሃያ ሦስተኛው የእሱ ነበር። አበባው የሚባለው አዲሱ ሹፌር ጎማው ጥላ ሥር ተጋድሟል።

«ጋሼ ጥሩሰው! መቼም መኪናህን ልትሰርቀኝ አልመጣህም?»

«ወረቀቶቼስ?»

አበባው ቀስ ብሎ ተነሳ። «የትኞቹ? ቦርሳውን እንዳለ ኬላ አስገብቼዋለሁ። አልከፈትኩትም።»

ጥሩሰው ወደ ኬላው መስኮት አመራ። መዝጋቢው ኒዛር ይባላል፤ ወላጆቹ ከድሬዳዋ የመጡ ነጋዴዎች ናቸው። ቦርሳው ፊቱ ተከፍቷል። የጭነቱ ሰነድ በአንድ በኩል፣ የጥሩሰው ወረቀት ክምር በሌላ በኩል ተቀምጧል፤ ከክምሩ ሥር ደግሞ ቆሻሻ መጣያ ቅርጫት አለ።

«አቦ፣ ይሄ ዝርዝሩ ላይ የለም!» አለ ኒዛር። «ምንድነው? የዕዳ ደብዳቤ ነው? የፍቅር ነው?»

ጥሩሰው ወደ እኔ ዞረ። እኔ በሕይወቴ መስኮት አንኳኩቼ የተከራከርኩበት ቀን የለም። ወደ መስኮቱ ተጠጋሁ።

«ልብ ወለድ ነው» አልኩ። «የእሱ ነው። ሌላ ቅጂ የለውም።»

ኒዛር ከላይ ያለውን፣ የመጨረሻውን ገጽ አንስቶ ያነብ ጀመር። ከኋላችን የተሰለፉት ያጉረመርማሉ። ገጹን አገላበጠው፤ ቀጣዩን ፈለገ፤ አልነበረም።

«ወላሂ፣ ይሄ ሰውዬ እንዴት ሆነ? ሊገለበጥ ነው?»

«አልጨረስኩትም» አለ ጥሩሰው።

«እና ቁልቁለት ላይ ትተኸው ትዞራለህ? አታፍርም?» ክምሩን በመስኮቱ ገፍቶ ሰጠው። ተከትሎን ለመጣው ለአበባው ደግሞ ሰነዱን ማህተም መትቶ «ኬላው አሥራ ሁለት ሰዓት ይዘጋል፤ ተራህን ጠብቅ» አለው።

ጥሩሰው ወረቀቱን ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዞ ቆመ። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ክንዱን ያዝኩት። እሱ ግን የሚያየው መኪናውን ነበር።

«አበባው፣ ጣውላዬ አለች?»

«መሪው ላይ ናት፤ መፍቻ ጊዜ አጥቼላት።»

«ተራህ እስኪደርስ ልቀመጥ። የዛሬ ወር በዚህ ዓይኔ ፊደል አልለይ ይሆናል።»

አበባው በሩን ከፈተለት። ጥሩሰው ጋቢናው ላይ ወጣ፤ የግራ ጫማውን አወለቀ፤ የመጨረሻዋን ገጽ ዓይኑ ሥር አስጠግቶ ጮክ ብሎ አነበበ። መጻፍ ጀመረ። ፊደሉ አውራ ጣት ያህል ነበር፤ አንድ ገጽ አሥር መስመር እንኳ አይይዝም። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ አበባው መሪውን ከነጣውላው በመስኮት ተንጠልጥሎ ይይዛል፤ ጥሩሰው ፍሪሲዮኑን ረግጦ መኪናዋን አሥር ሜትር ያስጠጋል፤ ፍሬን ይይዝና እንደገና ይጽፋል። እኔ ደረጃው ላይ ቆሜ የጨረሰውን ወረቀት ከነፋሱ እጠብቃለሁ።

ከፊታችን አሥራ አምስት መኪና ቀረ። ዘጠኝ ቀረ። አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን ከፊታችን ሁለት መኪና ብቻ ነበር። ከዚያ አንድ። ከዚያ ምንም። መንገዱን የሚዘጋው የኬላው እንጨት ተነሳ።

«ጋሼ?» አለ አበባው።

ጥሩሰው ቀና አላለም። ከኋላ ክላክሱ ተጀመረ።

ሹፌር ተራውን አይሰጥም። ተራውን የሰጠ እዚያው አቧራ ላይ ያድራል፤ አንዳንዴም ሁለት ቀን። አበባው እንጨቱን አየ፤ መሪው ላይ ያጎነበሰውን ሰውዬ አየ። ከዚያ ወደ ኋላ ሄዶ ተከታዩን በእጁ «በጎን እለፍ!» አለው።

«ምን ሆነህ ነው?» አለ ተከታዩ ሹፌር።

«ፍሬን ነው።»

«የማን ፍሬን? አሁን ስትመጣ አልነበር እንዴ!»

«የተክለወልድ!»

ሹፌሩ ጭንቅላቱን በመስኮት አውጥቶ ወደ ጋቢናው አንጋጠጠ። ክላክሱን ተወው። ወሬው ከመኪና ወደ መኪና ሲሄድ የሌሎቹም እየቀነሰ ሄደ። አንዱ አለፈ፤ ሌላው አለፈ፤ ሲያልፉ ሁሉም ዝግ ይላሉ።

ለአሥራ ሁለት አምስት ጉዳይ ሲሆን ጥሩሰው እስክሪብቶውን ከደነ። ወርዶ የመጨረሻውን ገጽ ሰጠኝ።

«ቆመ?» አለ አበባው።

«ቆመ። ጭነቱ ግን ተደፍቶ አለቀ።»

አበባው ጋቢና ውስጥ ዘሎ ገባ። ኒዛር በመስኮቱ «ቶሎ! ቶሎ!» ይላል። መኪናዋ እንጨቱን አለፈች፤ እንጨቱም ከኋላዋ ወረደ።

የዚያኔ ነው ጥሩሰው በሚፋጅ አስፋልት ላይ አንድ እግሩን እያነሳ ሲጥል ያየሁት። የግራ ጫማው ፍሪሲዮኑ ሥር ቀርቷል።

«ልጥራው?» አልኩት።

«ተወው» አለ፤ ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ ቆጠረው። «ጫማው እንኳ ይሂድ።»