የሚያዝያ ጊዮርጊስ በእህቴ ከተማ

እህቴ ታናሼ ናት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ነገሩ ሁሉ ከዚህ ስለሚነሳ ነው። የበኩር ልጅ እኔ ሆኜ ሳለ እናታችን ከአገር ስትወጣ ያረፈችው እሷ ቤት ነው፤ ፈረንሳይ፣ ሰሜኑ በኩል፣ የብረት ፋብሪካ ባለበት ትንሽ ከተማ። የእህቴ ወረቀት ከእኔ ቀድሞ አለቀ፣ መንግሥት በረንዳ ያለው ቤት ሰጣት፣ ባሏ ፋብሪካው ውስጥ ብየዳ ገባ፣ ልጅ ወለደች፣ እናቴን አስመጣች። እኔ ሎስ አንጀለስ፣ ፒኮ መንገድ ላይ አንዲት ክፍል ከአንዲት የወሎ ልጅ ጋር ተካፍዬ እኖራለሁ፤ ቀን ቀን ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ ቡዝ ውስጥ ተቀምጬ ትኬት እቆርጣለሁ። በረንዳ ቀርቶ መስኮታችን የሚያየው የጎረቤቱን ግድግዳ ነው።

ቅናት ይሉኛል። አዎ፣ ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አልፈልግለትም። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። እህቴን ኩፍኝ ይዟት እናቴ አጠገቧ ስታድር፣ እኔም ጎኗ ተኝቼ ‘ሰውነቴ ተቃጠለ’ አልኩ። እናቴ ግንባሬን ዳስሳ ‘ተነሺ አንቺ፣ እንደ ውሃ ቀዝቅዘሽ’ ብላ እየሳቀች አስወጣችኝ። ቤተሰቡ ይህን ወሬ ሠርግም ለቅሶም ላይ ሲያወራው ኖሯል።

ያኔ ፌርፋክስ መንገድ ላይ የእኛ ሰው ሱቅና ምግብ ቤት መክፈት ገና መጀመሩ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት አንዱ ምግብ ቤት ገብቼ ወጥ ቤቱን አግዛለሁ። እናት የመጣለት ሰው ገና ከበሩ ይታወቃል። እናትየው በነጠላቸው ላይ የልጃቸውን ወፍራም ጃኬት ደርበው ይገባሉ፣ ሰው ሁሉ ተነስቶ ጉልበት ይስማል፣ ልጅቷ አንገቷን ሰብራ ‘ኧረ ተቀመጡ’ ትላለች፣ ግን ማንም እንዲቀመጥ አትፈልግም። ‘እንኳን ለዚህ አበቃሽ’ ይሏታል። ከዚያ አንዱ ወደ እኔ ይዞርና ‘ያንቺስ እናት የት ናቸው?’ ይለኛል። እህቴ ጋ፣ ፈረንሳይ፣ እላለሁ። ‘ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ፣ እዚያ እኮ ሕክምናው በነፃ ነው።’ የያዝኩትን ትሪ አናቱ ላይ ብደፋበት ደስ ባለኝ።

እናቴ መጻፍ አትወድም። ስልኩም ውድ ስለነበር የምንነጋገረው በካሴት ነው፤ አንዱን ገጽ እሷ ሞልታ ትልካለች፣ ሌላውን ገጽ እኔ ሞልቼ እመልሳለሁ። ትንሿን ቴፕ ቡዝ ውስጥ እግሬ ሥር አስቀምጬ መኪና ጋብ ባለ ቁጥር እሰማታለሁ። የሚያንገበግበኝ ታዲያ ከእናቴ ድምፅ ኋላ የሚሰማው ነው። የእህቴ ነጠላ ጫማ ሲጎተት ይሰማል። ልጇ እናቴን ‘እማዬ’ ብሎ ይጠራታል፣ እማዬነቷ ለእኔና ለእህቴ አልበቃ ብሎ። እህቴ ‘ሻርፕሽን ልበሺ፣ በሩ ክፍት ነው’ ትላታለች፤ እናቴም ለእኔ የጀመረችውን ወሬ አቋርጣ ‘እሺ ልጄ’ ትላታለች። ለእኔ በተላከ ካሴት ላይ ማለት ነው። እዚያች ላይ ስደርስ አጠፋዋለሁ፤ ቆይቼ ደግሞ ከፍቼ እሰማዋለሁ።

አንድ ክረምት ላይ እህቴ ራሷ ካሴቱ ውስጥ መግባት ጀመረች። ፋብሪካው ቀዝቅዟል አለች። በመጀመሪያ የባሏን ሥራ ግማሽ ቀን አደረጉበት፣ ቀጥሎ ቤት አስቀመጡት። ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያው ነው፤ ዳቦ ቤቱ ተዘግቷል፣ ወንዶቹ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ባቡር ጣቢያው በር ላይ ቆመው ይውላሉ። ግድግዳው ላይ ደግሞ ወረቀት የሚለጥፍ ፓርቲ መጥቷል፤ ሥራ የጠፋው በመጤ ነው፣ መጤ ይውጣ የሚል። ‘በፊት ሰው ይስቅባቸው ነበር’ አለች እህቴ፤ ‘አሁን ወረቀታቸውን ተቀብሎ አጥፎ ኪሱ ይከታል።’

ከንፈሬን መጠጥኩ። አንጀቴ ግን ቅቤ ጠጣ። በረንዳ አለኝ ስትል ከርማ፣ በረንዳዋ ሥር ማን እንደቆመ ትይ እስቲ አልኩ። የወሎዋ ልጅ አልጋዋ ላይ ሆና አብራኝ ትሰማ ነበር።

‘አንቺ፣ የእህትሽ ባል ሥራ ፈታ እኮ ነው የምትልሽ።’

‘ሰማሁ።’

‘ታዲያ ምን ያስቅሻል?’

‘አልሳቅኩም፣ ፊቴ እንዲህ ነው’ አልኳት። እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በእኔ ገጽ የምሞላው ወሬ ከዚያ በኋላ ባሰ። እዚህ ማን ምን ይለኛል፣ ሁሉም ከሌላ ቦታ የመጣ ነው፤ ሰፈሩ ሰላም፣ አየሩ ፀሐይ፣ የራሴ ቢሮ አለኝ እላለሁ። ቢሮ ያልኩት ቡዙን ነው። ኦኬ፣ መቼስ ወንበር አለው፣ መስኮት አለው። እናቴም በመልሷ ‘አንቺማ ደህና ነሽ፣ ተመስገን’ ትለኛለች። እህቴ አጠገቧ ሆና እንደምትሰማ ስለማውቅ በየካሴቱ እጨምርበታለሁ።

ያላልኩት አንድ ነገር አለ። ጠዋት ጠዋት የሚመጣ ደንበኛ ነበረኝ፤ ሃውቶርን ሰፈር ካለው የአውሮፕላን ዕቃ ፋብሪካ የተቀነሰ ሰውዬ፣ ሥራ ፍለጋ ዳውንታውን የሚመላለስ። የፋብሪካው ባጅ አሁንም አንገቱ ላይ ነው። ሁልጊዜ ‘ደህና አደርሽ’ ብሎኝ ነበር ፓርክ የሚያደርገው። አንድ ቀን መስታወቱን ዝቅ አደረገና በዚያው ሰላምታ በሚሰጥበት ድምፅ፣ ሳይጮህ፣ ‘ይሄ ቡዝ የልጄ ሥራ መሆን ነበረበት፤ ወደ መጣሽበት ሂጂ’ አለኝ። ትኬቱን ሰጠሁት። ተቀብሎ ሄደ። ማታ ለወሎዋ ልጅ ነገርኳት። ካሴቱ ላይ ግን ፀሐይ ነው አልኩ።

ሲቲዝን እንደሆንኩ የእናቴን ወረቀት አስገባሁ። አለቀ። የቀረው የእናቴ እሺታ ብቻ ነው። ከወሎዋ ልጅ ተለይቼ ሚድ ሲቲ የራሴን አፓርትመንት ተከራየሁ፤ ለእናቴ አልጋ ገዛሁ፣ ዝቅ ያለ፣ እግሯ መሬት የሚደርስላት። አበባ ያለበት አንሶላ አነጠፍኩበት። እኔ ሶፋው ላይ እተኛለሁ።

እንግዲህ እነ እህቴ አገር ምርጫ የሆነው በዚህ መሃል ነው፣ የፕሬዚዳንት ምርጫ። የእኛ ቴሌቪዥን ስለ አየር ሁኔታ የሚያወራውን ያህል እንኳ አላወራለትም። ደወልኩ። ያ ሰው የሚስቅበት ፓርቲ ከትልልቆቹ እኩል ሲጠራ አመሸ አለችኝ እህቴ። በእነሱ ከተማማ አንደኛ ወጣ።

‘ደረጃው ላይ ከማገኘው ሰው ማን እንደመረጣቸው አላውቅም’ አለች። ‘ሁሉም ቦንዡር ይለኛል። እኔ የእያንዳንዳቸውን ፊት ነው የማየው።’

እኔ ታዲያ ምን እንዳልኩ ገምቱ። እማዬን ላኪልኝ አልኩ። አስብበታለሁ ብላ ዘጋች።

የእነ እህቴ ከተማ አደባባይ ላይ አንድ ሐውልት አለ፤ ብረት ለብሶ፣ ባንዲራ ይዞ፣ ፈረስ ላይ የተቀመጠ። እናቴ ጊዮርጊስ ነው ብላ ካመነች ዓመታት አልፈዋል፤ ባለፈች ባገደመች ቁጥር ትሳለመዋለች። እህቴ ‘እማዬ፣ የእነሱ ቅድስት ናት፣ ድሮ ለአገራቸው የተዋጋች ሴት ናት’ ብትላት ‘ብረት የለበሰች ሴት የት አየሽ?’ ትላታለች። ‘ዘንዶው የለም እኮ’ ስትላት ደግሞ ‘ገድሎት ጨርሶ ይሆናላ።’ በአካባቢው የእኛ ቤተ ክርስቲያን አልነበረም። ለእናቴ ቤተ ክርስቲያኗ እሱ ነበር።

ምርጫው በሆነ በሳምንቱ የሚያዝያ ጊዮርጊስ ዋለ። ያንን ቀን በካሴት ከራሷ አፍ ነው የሰማሁት።

‘ልጄ፣ ጉድ ሆንኩልሽ’ ብላ ጀመረች። ‘ከበሮ ሰምቼ ብወጣ ሕዝቡ ባንዲራ ይዞ አደባባዩን ሞልቶታል። ጊዮርጊስን አበባ በአበባ አድርገውታል። ለካ እነዚህም ያከብሩታል ብዬ እንባዬ መጣ። ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፍቼ ከኋላ ቆሜ እልል አልኩ። ያን ጊዜ ሰዉ ሁሉ ዞረ። አንዱ ወፍራም ሰውዬ ፊቱ ቀልቶ ጮኸ፤ በእጁም ወደዚያ፣ ወደዚያ አለኝ። እኔ ደግሞ አሮጊት ከኋላ አትቆምም፣ ወደ ፊት እለፊ ያለኝ መሰለኝ። እግዜር ይስጥህ ብዬ እጅ ነሥቼ አለፍኩ። መንገድ ለቀቁልኝ። ከባንዲራው ፊት ሆኜ እልል እያልኩ ሄድኩልሽ። ታቦት ያጀብኩ እኮ ነው የመሰለኝ።’

ያጀበችው የዚያን ፓርቲ ሰልፍ ነበር፤ መጤ ይውጣ የሚሉትን፣ በየዓመቱ በዚያ ሰሞን ለቅድስቲቱ ሐውልት አበባ የሚያኖሩትን። ሁለት ፖሊሶች ክንዷን ይዘው ቤቷ ሲያደርሷትም ሽኝት መስሏታል። ምን እንደሆነ ለእህቴ የነገረቻት ፎቅ ሥር ያለችው ጎረቤት ናት። እህቴ አለቀሰች፤ ባሏ ኮቱን አንስቶ ወጣ። ካሴቱ ላይ እናቴ እየሳቀች ነበር፤ ከዚያ ሳቋ ቆመ። ‘ጠላቶቻችን ናቸው አለችኝ እህትሽ። ፊታቸውን አይቼው ነበር እኮ። ሥራ የፈታ ሰው ፊት ነው።’

ቡዝ ውስጥ ሆኜ ሳቅኩ፤ ተራ የሚጠብቅ መኪና ጥሩንባ እስኪነፋብኝ ሳቅኩ። ወዲያው ደግሞ ያው ቅናቴ መጣ። ይህ ወሬ ለምን የእህቴ ሆነ? እናቴ በእኔ ከተማ፣ በእኔ ጃኬት፣ በእኔ ምክንያት ለምን እንደዚህ አልተሳሳተችም? ቅዳሜ ፌርፋክስ ወስጄ ያወራሁት ጊዜ ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ እኔ ግን የሰው ወሬ እንደሰረቅሁ ነው የተሰማኝ።

በዚያው ሳምንት እህቴ ራሷ ደወለች። ድምፅዋ ደክሟል። ‘ውሰጃት’ አለችኝ። ‘እኔ ጧት በወጣች ቁጥር እስክትመለስ መስኮት ላይ ነው የምቆመው። ውሰጃት በቃ።’

አሸነፍኩ። ሌላ ቃል የለውም። ለምግብ ቤቱ ባለቤት፣ ለጋሼ፣ እናቴ ልትመጣ ነው አልኳቸው፤ መሃለኛውን ጠረጴዛ ያዝኩልሽ አሉኝ። የወሎዋ ልጅ መጥታ መጋረጃ ሰቀለችልኝ። ‘እንግዲህ ከዚህ በኋላ በማን ልትቀኚ ነው?’ አለችኝ። ያን ቀን በማንም አልቀናሁም።

እሑድ ለእናቴ ደወልኩ። ቀኑን እንቁረጥ አልኳት።

‘አልመጣም ልጄ።’

‘እንዴት አልመጣም? አልጋሽን አንጥፌ?’

‘ስሚኝ’ አለች። ‘አንቺ ደህና ነሽ። ቢሮ አለሽ፣ ፀሐይ ነው፣ የሚናገርሽ የለም። በየካሴቱ አንቺው ነሽ የነገርሽኝ። እህትሽን ግን ግድግዳው ሁሉ ሂጂ ይላታል። እኔ ከተነሳሁማ ያሉት ሆነላቸው። እሷን ለማን ጥዬ ነው የምመጣው?’

አልጋው ከፊቴ ነው፤ አበባው፣ ትራሱ። ‘እማዬ’ አልኩ፣ ‘እኔንም ብለውኛል። ቡዝ ውስጥ፣ አንድ ሰውዬ፣ ወደ መጣሽበት ሂጂ ብሎኛል። እውነቴን ነው።’

ያን የምወደውን ሳቋን ሳቀች፣ ግንባሬን ዳስሳ ከአልጋ ያስወጣችኝ ቀን የሳቀችውን።

‘አንቺ ልጅ፣ ዛሬም ኩፍኙ አልለቀቀሽም’ አለችኝ።

ከኋላዋ የእህቴ ነጠላ ጫማ ሲጎተት ተሰማኝ። ‘ምን አለችሽ?’ ብላ ጠየቀቻት።

‘ምንም’ አለች እናቴ። ‘ደህና ናት።’