የጌም ቤቱ ፉከራ

ቅዳሜ ቀን ነው፣ ገበያው ጢም ብሏል... ልጄን ይበልጣልን ፍለጋ ጌም ቤቱ በር ላይ ስደርስ ዱላ ይዞ ሊፎክር ሲል አገኘሁት።

ቆይ፣ ከስሩ ልንገራችሁ።

ጊዜው ኢሕአዴግ ነው፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ጌም ቤት የተከፈተ ሰሞን። እኛ የሽንዲ ገጠር ሰዎች ነን። ታላቅ ወንድሜ ካሴ በእርሻ ወሰን ተጣልቶ ሰው ገደለ። እሱም እስር ቤት ታሞ ሞተ። ሽማግሌ ቢላክ፣ ቄስ መስቀል ይዞ ቢለምን፣ የተገደለው ሰው ወገን እርቅ አልቀበልም አለ። ደሙ እኔና ልጄ ላይ ቀረ። ቤቴን ጥዬ ከተማ ገባሁ።

እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ፣ ነገር በተራ በተራ ካልያዝኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ጠዋት ጠዋት ለልጄ እየቆጠርኩ እነግረዋለሁ። አንድ፣ የማን ልጅ ነህ ሲሉህ የአያትህን ስም አትጥራ፤ የአጎትህንማ ጭራሽ! ሁለት፣ ከብት ተራ አትሂድ። ሦስት፣ ሳይመሽ ግባ።

ጌም ቤት አትሂድ አላልኩም። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር... አራት ግድግዳ ውስጥ ምን ያገኘዋል?

ጨዋታው ድብድብ ነው፣ ግን የሚያስቅ። ከየጨዋታው የተለቃቀሙ ፍጥረቶች ናቸው የሚገጥሙት... ጭልፋ የያዘ ወፍራም ወጥ ሠሪ ከብረት ሰውዬ ጋር፣ ጃንጥላ የያዘች ልጅ ከዝንጀሮ ጋር። የተመታው ጭንቅላቱ ላይ ኮከብ ይዞርና ወዲያው ተነስቶ ይቀጥላል። የገበያ ቀን ባላገሩ ሁሉ ገብቶ እያየ ይስቃል። ልጆቹ ደግሞ ከአገር ቤት ያመጡትን ሕግ ጨምረውበታል። ያሸነፈ ይፎክራል፣ የተሸነፈ ቆሞ ይሰማል።

ይበልጣል በወጥ ሠሪው አሸንፏል። «ፎክር! ፎክር!» ይሉታል። ባዶ እጁን አልሆን ሲለው አጠገቡ ወደቆመው ባለ ጋቢ ዞረ።

«ጋሼ፣ ዱላዎን ያውሱኝ።»

«እንካ የኔ አንበሳ!» አለ ሰውዬው እየሳቀ።

እኔ የደረስኩት ይሄኔ ነው። አፌን ሳልከፍት ልጄ ቀደመኝ።

«ዘራፍ! አካኪ ዘራፍ! የሽንዲው የካሴ የወንድሙ ልጅ! ጥሎ የማይምር!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ባለ ጋቢው ብቻ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ዞር ሲል አየሁት... ካሴ የገደለው ሰው ታናሽ ወንድም ነው።

ልጄ ምኑንም አላወቀ። ላቡን ጠረገና ጎንበስ ብሎ ዱላውን በሁለት እጁ አቀበለው። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ።»

ሰውዬው ዱላውን ጨበጠ። ልጄን አየ... እኔን አየ። አወቀኝ። ሰው እየገፋሁ ገብቼ ልጄን ከኋላዬ አደረግሁት።

ሰውዬው በዱላው ጫፍ ወደ ቴሌቪዥኑ አመለከተ።

«ይሄ የወደቀው... ይነሳል አይደል?»

«ይነሳል» አልኩት።

«የኛ አልተነሳም።»

ጋቢውን አስተካክሎ ወጣ። ለምን ያን ቀን እንዳልመታን ዛሬም አላውቅም። ልጁ ጎንበስ ብሎ ያቀበለው ዱላ አልነሳ ብሎት ይሆናል። ሌላ ቀን ግን ሌላ ዱላ አለ...

በጓሮ በር ወጥተን ቤት እስክንገባ እጁን አልለቀቅኩትም። ከዚያ ጮህኩበት።

«ምን ብዬህ ነበር?!»

«አባ፣ ‹ሲጠይቁህ አትናገር› ነው እኮ ያሉኝ። ማንም አልጠየቀኝም!»

በነጋታው በመጀመሪያው መኪና ሐዋሳ አክስቱ ዘንድ ላክሁት። ከዚያ ወዲህ አገሩን ረግጦ አያውቅም። እናቱን ስንቀብር እንኳ አትምጣ አልኩት።

አንድ ቀን ደወለልኝ። «አባ፣ ያ ጨዋታ እዚህም አለ። አሸንፋለሁ... ከዚያ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ።»

«ጎበዝ» አልኩት። ልጁ አሸንፎ ዝም ስላለ «ጎበዝ» ያለ የጎጃም አባት ከኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።