በርበሬ የለመደ ዓይን እና የጥር ፀሐይ

ያን ጊዜ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። ልጄ ሰብለ አሥራ አንድ ሞልቷት አምስተኛ ክፍል ገብታለች። ሚሌኒየሙ ከተከበረ ሁለት ዓመት አልፎ በመጣው ጥር፣ ጥምቀት ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሰብለ ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ዜና ማንበብ አቃታት። ሕመሙ የታወቀው እንዲህ ነው።

ልጄ ቡሬ በሚገኘው የሠፈራችን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያ ዜና አንባቢ ነበረች። የከሰዓት ፈረቃ ተማሪዎች ባንዲራው ፊት ሲሰለፉ መምህራን የጻፉላትን ወረቀት ይዛ በድምፅ ማጉያ ታነባለች። ማን ደብተር ጠፋበት፣ የትኛው ክፍል በኳስ አሸነፈ፣ የወላጆች ስብሰባ መቼ ነው፣ ይኸው ነው ዜናው። የዚያን ቀን «የዛሬ ዜናዎቻችን» አለችና ቆመች። ወረቀቱን አራቀችው። አቀረበችው። አዘነበለችው። ልጆቹ ሳቁ። የሳይንስ መምህሯ ወረቀቱን ተቀብለው ራሳቸው አነበቡትና እሷን ወደ ቤት ሰደዷት።

ቤት ገብታ እንዲህ አለችኝ፦ «እማዬ፣ የማየው ፊደል ይጠፋል። ዳር ዳሩ አለ። መሀሉ ላይ ግን ጭቃ የተለጠፈበት ይመስላል።»

ከምን እንደመጣ ያንጊዜውኑ አውቄአለሁ። ለማንም ግን አልተናገርኩም።

ቡሬ የበርበሬ አገር ነው። በጥር ነጋዴዎች የገዙት በርበሬ በየግቢው ሸራ ላይ ይሰጣል፤ እኛ ሴቶች ዙሪያውን ተቀምጠን ቀዩን ከነጣው እንለያለን፣ ጭራውን እንቀነጥሳለን። ብናኙ ዓይን ይገባል። ዓይን ተቃጠለ ተብሎ ደግሞ ሥራ አይቆምም። የተቃጠለውን ጨፍነን በደህናው እንለቅማለን፤ ደህናው ሲደክም ያረፈውን እንገልጣለን። ማፈራረቅ እንለዋለን። ይህን የማትችል ሴት ግቢው ውስጥ መሳቂያ ናት። ሰዓታችንም ፀሐይ ናት። ቀና ብለን በሽፋሽፍታችን መሀል ሰረቅ አድርገን እናያትና በርበሬውን መቼ እንደምናገላብጥ እናውቃለን። ስለዚህ የኛ ዓይን ከሌላው ሰው ዓይን የጠነከረ ይመስለን ነበር።

ከዚያ ዓርብ በፊት ባለው ቀን፣ ሐሙስ፣ ሰብለ ሰልፉ ላይ ያነበበችውን ዜና ቤት መጥታ በቃሏ ደገመችልኝ። ነገ ጠዋት ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ጨረቃ ፀሐይን በከፊል ትጋርዳለች። ማንም ሰው ፀሐይዋን አይመልከት። ጥላሸት የተቀባ መስታወት፣ የራጅ ፊልም፣ በሳፋ የተቀዳ ውኃ ዓይንን አያድኑም። ማየት የፈለገ ጀርባውን ለፀሐይ ይስጥ፤ ካርቶን በመርፌ ይብሳ፤ በቀዳዳው ያለፈውን ብርሃን ሌላ ወረቀት ላይ አሳርፎ ይመልከት። ለወላጆቻችሁም ንገሩ። ይህን ሁሉ መምህሯ ጽፈው እሷ አንብባዋለች። ለእኔ ስትነግረኝ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ቀጥ ብላ ቆማ ነበር። ራት እያቀረብኩ ሰማኋት። ደስ ያለኝ ድምጿ ነው። የተናገረችውን ነገር ግን ልብ አላልኩትም።

ዓርብ ጠዋት ፈረቃዋ ስላልነበረ አብራኝ ወደ በርበሬው ግቢ ሄደች። ብርሃኑ መገርጣት ሲጀምር ሴቶቹ ሁሉ ቀና ቀና አሉ። ሰብለ መጋዘኑ ውስጥ ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡት፣ ለሥራውም ለጨዋታውም መሪያችን የነበሩት እማ ውዴ አይተዋት ሳቁ።

«እንዴ፣ ዜና አንባቢዋ ተደበቀች? ነገ ደግሞ ጨረቃንም አትዩ ልትለን ነው።»

ሰብለ ከውስጥ ሆና «መምህራችን አትዩ ብለዋል» አለች።

«መምህርሽ በርበሬ ለቅመው ያውቃሉ?»

ግቢው በሳቅ ተሞላ። እኔ አፈርኩ። ይህች ፈሪ የማን ልጅ ናት ብለው የሚያዩኝ መሰለኝ። ገብቼ እጇን ይዤ አወጣኋት። «እኔስ እያየሁ አይደል? እንደኛ እያፈራረቅሽ እዪ» አልኳት።

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። እማ ውዴ አይደሉም።

እኔ እንደ ልማዴ ሁለት ሦስቴ ሰረቅ አድርጌ አየሁና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። እሷ ግን ታዛዥ ልጅ ናት። እዪ ካሏት ታያለች። ግራ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና በቀኙ ረጅም ጊዜ አየች። ሲደክማት አፈራረቀች። በግራውም ጥቂት አየች። «እማዬ፣ ፀሐይዋ ማጭድ ሆነች» አለችኝ፣ ደስ ብሏት። ዓይኗን አላመማትም። ቢያማት ኖሮ ትተወው ነበር።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዓይኗ ላይ ወተት አፈሰስኩ። በርበሬ ሲገባብን የምናደርገው ነው። ቅዳሜም አፈሰስኩ። እሑድ የቴትራሳይክሊን ቅባት ቀባኋት፤ በዓይን ማዝ፣ በትራኮማ ዘመቻ ጊዜ ተሰጥቶን ከቤት የተቀመጠ ነበር። ምንም ለውጥ የለም። ሰኞ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ የዓይኗን ቆብ ገልብጣ አየች። ቅላት የለውም አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ዓርብ ፀሐይ አይታለች?»

የበርበሬ ነው አልኳት።

ሰብለ እግሯን ታይ ነበር። ነርሷ ፍኖተ ሰላም የዓይን ክፍል ሂዱ ብላ ወረቀት ጻፈችልን። ወረቀቱን መቀነቴ ውስጥ ከተትኩት። ልሄድበት አልነበረም። ልረሳው ነበር።

በጥምቀት ዕለት ታላቅ ወንድሜ አያ ሞላ ከቋሪት ገጠር መጣ። ገበሬ ነው። የሰብለ አባት ካረፈ ወዲህ አባቷም አጎቷም እሱ ነው። ሰብለ ጉልበቱን ስማ ቀና አለችና ፊቱን ትክ ብላ አየችው።

«ጋሼ፣ ድምፅዎ አለ። ፊትዎ የለም።»

ቀልድ መስሎት ሊስቅ ጀምሮ ነበር። ተወው። ወደ እኔ ዞሮ ምን ሆና ነው አለኝ። ዓይኗን ታማለች አልኩትና ወረቀቱን አወጣሁ። እሱ ፊደል አይለይምና እኔ አነበብኩለት። መቼ ተጻፈ አለ። ትናንት አልኩት። ዓይኗስ የታመመው መቼ ነው አለ። ዓርብ አልኩት። በማግስቱ የሚካኤልን በዓል ሳንውል ሦስታችን በሚኒባስ ወደ ፍኖተ ሰላም ወረድን።

እዚያ ያገኘነው የዓይን ባለሙያ ከሰሌዳው ፊት አስቀመጣት። በቀኝ ዓይኗ ከላይ ካለው ትልቁ ምልክት በቀር አልታያትም። በግራው እስከ መሀል ወረደች። ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ሪፈር ተጻፈልን። በነጋታው የመጣንበትን መንገድ ተመልሰን፣ በቡሬ አልፈን፣ በመራዊ በኩል ባሕር ዳር ገባን። በመንገድ ላይ ሰብለ በመስኮቱ ታይ ነበር። ምን ይታይሻል አልኳት። ሜዳው አለችኝ። ሰው የለበትም አለችኝ። ሜዳው ላይ ሰው ሞልቶ ነበር።

የሆስፒታሉ የዓይን ሐኪም ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ጠብታ ጨመሩባት። ብሌኗ እስኪሰፋ ጠበቅን። ጨለማ ክፍል ውስጥ ኦፍታልሞስኮፕ በሚባል መብራት ባለው መሣሪያ አንዱን ዓይን አዩ፣ ሌላውን አዩ፣ እንደገና የመጀመሪያውን አዩ። ሲጨርሱ እሷን ጠየቁ እንጂ እኔን አልጠየቁኝም።

«ልጄ፣ ፀሐይዋን አይተሻል?»

«አዎ።»

«አትዩ አልተባላችሁም?»

«ተብለናል። ዜናውን ያነበብኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አየሽ?»

«እኔ ራሴ ነኝ። ማንም እዪ አላለኝም።»

መቀመጥ አቃተኝ። ተነሣሁ። ጎትቼ ያወጣኋት እኔ ነኝ አልኩ። አያ ሞላ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ሰማ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረው ቀስ ብለው ነገሩኝ። «ሶላር ሬቲኖፓቲ እንለዋለን። የዓይን ጀርባው ላይ ሬቲና የሚባል ስስ ሽፋን አለ። መሀሉ ማኩላ ነው፤ ፊደልም የሰው ፊትም የሚለየው እሱ ነው። ፀሐይዋ እሱን ጎድታዋለች። ሬቲና ሕመም አይሰማውም፤ ሲጎዳ ባለቤቱ አያውቅም።»

ትድናለች ወይ አልኳቸው።

«የግራው ተስፋ አለው። የቀኙን አላውቅም። መድኃኒት የለውም፣ እንጠብቃለን። ሦስት ወር፣ ስድስት ወር፣ አንዳንዴ ዓመት። ቀድመሽ ብትመጪም የምሰጣት አልነበረም። ወተቱን ግን ተዪ፤ በዚህ ላይ ኢንፌክሽን እንዳትጨምሪባት።»

ከመውጣታችን በፊት አምስለር ግሪድ የሚባል ወረቀት ሰጧት። እንደ ሒሳብ ደብተር በትንንሽ ካሬ የተሠመረ ነው፤ መሀሉ ላይ አንድ ነጥብ አለው። በየሳምንቱ አንዱን ዓይን ሸፍና ነጥቡን በሌላው እያየች መሥመሩ የሚጠፋባትን ቦታ በእርሳስ እንድትከብ አዘዟት።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ረጅም ነው፤ ግን ስለ እሱም ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይህን የምታነቡ ወላጆች መጠበቅ የሚባለው ነገር ምን ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋችኋል። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የቆጠርኩት ሰብለ አንደኛ ክፍል ሳለች ከጎኗ ተቀምጬ ከመጽሐፏ ነው፣ ያውም ማስረዳቱ ሲሰለቻት እያኮረፈችኝ። አሁን ተራው ዞረና የአምስተኛ ክፍል መጽሐፎቿን እኔ አነብላት ጀመር። በርበሬ ስለቅም ውዬ እጄን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጥቤ አጠገቧ እቀመጣለሁ፤ ስለ አፈር መሸርሸር፣ ስለ ክፍልፋይ ቁጥሮች፣ ስለ ሰውነት ክፍሎች እየተንተባተብኩ አነባለሁ፤ እሷ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። «እማዬ፣ አራት ነጥቡ ጋ ቁሚ እንጂ፤ ለጌጥ የተቀመጠ መሰለሽ?» ትለኛለች። ስለ ዓይን የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ መጽሐፉን ከደንኩት፤ እሷ ግን ቀጥዪ አለችኝ፣ ቀጠልኩ።

የሳይንስ መምህሯ ከፊት ወንበር አስቀመጧት፣ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ፊደሉን አተለቁላት፣ ፈተናውን በቃል ጠየቋት። ነግሬያችሁ አልነበረም ወይ ብለው አንድ ቀን እንኳ አልወቀሱኝም። እማ ውዴ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ለብቻዬ ጠርተው፣ እሳቸውም ያን ሰሞን ለብዙ ቀን ዓይናቸው መሀል ጥቁር ነጥብ ሲመላለስባቸው እንደነበር፣ አፍረው እንዳልተናገሩ ነገሩኝ። ሁለታችንም አለቀስን፤ ከዚያ በኋላ ግቢው ውስጥ ስለዚያ ጠዋት ያነሣ ሰው የለም።

ወረቀቱ ላይ የምትከበው ቦታ መጀመሪያ በቀኙ የባቄላ፣ በግራው የአተር ፍሬ ያህል ነበር። የግራው በሚያዝያ እንደ ምስር ሆነ፤ ሰኔ ላይ ሰብለ ወረቀቱን ሰጠችኝና የምከበው የለም አለችኝ። የቀኙም ጠበበ፣ ግን ምስር ላይ ሲደርስ ቆመ። ዓመት ሞልቶ ባሕር ዳር ስንሄድ ሐኪሙ ከዚህ በኋላ ብዙም አይለወጥም አሉን። አልተለወጠም። ዛሬ ሰብለ ታነባለች፣ ትጽፋለች፣ ክር በመርፌ ታስገባለች፣ ሁሉንም በግራ ዓይኗ ነው። ሰው ስታይ አንገቷን ትንሽ ዘንበል ታደርጋለች፤ የማያውቋት ኩራት ይመስላቸዋል። ዜና ማንበብ ግን አልተመለሰችበትም። መምህሯ ሁለት ጊዜ ለምነዋት ነበር። ከሰዓት የትምህርት ቤቱ ድምፅ ማጉያ እኛ ቤት ድረስ ይሰማል፤ ሰልፉ ሲጀመር ፈረቃዋ ጠዋት በሆነበት ዓመት ሁሉ በሩን ገርበብ ታደርገው ነበር። እኔም ለምን ብዬ ጠይቄያት አላውቅም።

እናንተ ደግሞ ይህ የደረሰባችሁ፣ ወይም ሊደርስባችሁ የሚችል፣ እባካችሁ ስሙኝ። ፀሐይ በተጋረደች ጊዜ ትበርዳለች እንጂ አትራራም። ዓይናችሁ ጭስም ብናኝም ለምዶ ሊሆን ይችላል፤ ፀሐይን የለመደ ዓይን ግን የለም። አላመመኝም ማለት አልተጎዳሁም ማለት አይደለም። ለግርዶሽ ተብሎ የተሠራ፣ ጭረት የሌለው መነጽር ካላገኛችሁ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ በካርቶን ቀዳዳ እዩ፣ ካልሆነም ሥራችሁን ሥሩ፤ ሳታዩት ብትቀሩ የሚጎድል ነገር የለም። ልጅ ፊደል ጠፋብኝ ካለች ወተት፣ ቅቤ፣ የጎረቤት ቅባት አታስነኳት። የዓይን ባለሙያ ወዳለበት ውሰዷት። ባለሙያው ሲጠይቃችሁ ደግሞ እውነቱን ተናገሩ፤ እኔ የዋሸሁት ውሸት ልጄን በሐኪም ፊት አስዋሽቷታል። ከሁሉ በላይ፣ ከትምህርት ቤት ሰምታ የፈራች ልጅ ካለቻችሁ በሰው ፊት ፈሪ አትበሏት።

ለነርሷ፣ እየዋሸሁ እንደሆነ አውቃ ወረቀቱን ለጻፈችልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለሐኪሙም፣ ለመምህሩም። ለወንድሜ ግን ምስጋናዬን በአፌ ነግሬው አላውቅም፣ እንዴት እንደሚባልም አላውቅም።

አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በጥቅምት አንድ እሑድ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ፀሐይ ዳግመኛ ተጋረደች። አያ ሞላ ያን ቀን ልጆቹንና የጎረቤት ልጆችን ከየሜዳው ሰብስቦ ቤት አስገባቸው። በሩን ከውጭ ዘጋ። ደጁ ካለው ድንጋይ ላይ ጀርባውን ለፀሐይዋ ሰጥቶ ተቀመጠ። እስክትጠልቅ አልተነሣም። ከጠለቀች በኋላ በሩን ከፈተላቸውና ከብቶቹን ሊያስገባ ሄደ።