ወጌሻው ያልነካው ወገብ

ዘንድሮ ሁዳዴ ሲገባ ነው ወገቤ የከዳኝ። ቀንበር ላነሳ ጎንበስ ስል አንድ ነገር ቀጭ አለ። እንጨቱ የተሰነጠቀ መስሎኝ ቀንበሩን አገላብጬ አየሁት፤ ደህና ነው። የተሰነጠቅሁት እኔ ነበርሁ። በሬዎቹ ዘወር ብለው አዩኝ፤ አንደኛው የሳቀ ይመስለኛል።

ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ከቀንበር ምን አለው ትሉኝ ይሆናል። ልጆቼም ብለውኛል። በእኛ በስማዳ ግን መሬቱን ለእኩል አራሽ የሰጠ ሽማግሌ በሰንበቴ ሲናገር እንኳ ድምፁ የሚቀንስ ይመስለኝ ነበር። የትልቋ ልጄ ባል «እኔ ልረስልዎ» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠይቆኝ ሁለቴም አኩርፌዋለሁ። ስለዚህ ሕመሙን ደብቄ፣ ቅቤ በቅል ይዤ ወጌሻው ዘንድ ሄድሁ።

ወጌሻው የጽዋ ማኅበር ባልንጀራዬ ነው፤ የአገሩ ስብራት ሁሉ በእጁ ያለፈ። ገና ከሩቅ ሲያየኝ፣

«ምነው እንደተጣላ በሬ በጎን በጎን ትመጣለህ?» አለኝ።

«ወገቤን ቀጭ አድርግልኝና ልሂድ። ማሳው እየጠበቀኝ ነው።»

«ቅቤውን ለፋሲካ አስቀምጠው። እግርህን ይደነዝዝሃል?»

«ኧረ ምን በወጣኝ!»

ውሸቴን ነው። ቀኝ እግሬ ከጉልበቴ በታች የሌላ ሰው እግር ከሆነ ሳምንት አልፎታል። እውነቱን ብናገር ግን እንደማይነካኝ አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለውን ሲመልስ አይቻለሁ።

እሱ መቼ አመነኝ! «እስኪ በተረከዝህ ቁመህ ተራመድ» አለኝ። ግራው ቆመ፤ ቀኙ ጠፍ ብሎ ወደቀ።

«አየህ፣ አፍህ ይዋሻል፤ እግርህ ግን ክርስቲያን ነው» አለ። «ይኸ የእኔ እጅ የሚገባበት አይደለም። ሐኪም ቤት ሂድ።»

ለመንሁት። ተቆጣሁት። «ዱሮ ቢሆን ትሞክረኝ ነበር» አልሁት።

«ዱሮማ ሞክሬ ነበር፤ በሌላ ሰው» አለና እጆቹን አየ። ሰውየው ምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ልመናዬንም ተውሁ።

ወገዳ ከተማ ሐኪም ቤት ስሄድ ያየችኝ ሐኪም የልጅ ልጄ እኩያ ናት። ቀስ ብላ መረመረችኝና፣ «አባባ፣ ተኝተው አይዋሉ፤ በእግርዎ ይሂዱ። ሸክምና ሞፈር ግን እግርዎ እስኪበረታ አይሞከርም። ሽንት ከከለከለዎ ሳያድሩ ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ይሂዱ። ደግሞ የትኛው ቀን እንደሚብስብዎ ያስተውሉልኝ» አለችኝ።

እኔ ቀን የምቆጥረው በቅዱሳን ነው። ወር ሙሉ እንደ ትልቅ ተመራማሪ ሳስተውል ከረምሁ። የሚብሰው በሚካኤል ማግስት፣ በማርያም ማግስት፣ በመድኃኔ ዓለም ማግስት ሆኖ አገኘሁት። ሚስቴ አማተበች፤ «ደግሞ ቅዱሳኑን ሊከሱ ነው?»

ተመልሼ ስነግራት ሐኪሟ ሳቀችና፣ «በበዓል ቀን ምን ሲሠሩ ይውላሉ?» አለችኝ።

«በበዓል ምን ይሠራል! ቅዳሴ እስኪገባ ደጃፌ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሰው አማለሁ» አልኋት። ይኸን ስናገር ራሴን ሰማሁት። ለካ ሥራ ሳይሆን መቀመጥ ኖሯል የሚያባብሰው! ቅዱሳኑም ነፃ ወጡ።

መራመዱን ያዝሁ። ሕመሙ ቀለል አለ፤ እግሬ ግን እንደ ልቤ አልፈጠነም። ዝናቡ ደግሞ ማንንም አይጠብቅ፤ መሬቱ ራሰ። ሦስተኛ ጊዜ እስኪጠይቀኝ ብቀመጥ ማሳው ጦም ማደሩ ነውና፣ የልጄን ባል ራሴ ሄጄ «ና እረስልኝ» አልሁት። ቃሏ አጭር ናት፤ እስክትወጣ ግን አላበችኝ። እሱም አልተኩራራብኝም፤ ጅራፉን ይዞ ተነሣ።

እሱ ሲያርስ እኔ በማሳው ዳር ዳር እሄዳለሁ፤ ታዝዣለሁና። አንዱን ትልም ጨርሶ በሬዎቹን አቆመና፣ «አባባ፣ ቀና?» ብሎ ጠየቀኝ።

ጎንበስ ብዬ እንዳላይ ወገቤ አይፈቅድ፤ ቆሜ አየሁት። ጠማማ ፈለግሁበት። እስከ ማሳው ጫፍ ሄድሁ፤ ተመለስሁ። እሱ ቆሞ ይጠብቀኛል።

«ቀንቷል» አልሁት። «ቀጥል።»